ደሴ ተቃኝቶ ኮምቦልቻ ላይ የሚሳሳት ኦሲሌተር፦ የአንድ ጥገና የጉዳይ ጥናት

ችግሩ ሲነገር ቀልድ ይመስላል። ደሴ ላይ ምንም ያልጎደለው የሙዚቃ መሣሪያ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ሲገባ ከቅኝት ይወጣል። ሲመለስ ደግሞ ይድናል። ባለቤቱ ሠርግ እየዞረ የሚጫወት ወጣት ኪቦርዲስት ነው። ፒያሳ አካባቢ ወዳለችው የጥገና ቤቴ ይዞት ሲመጣ ሰው ሁሉ የየራሱን ምርመራ ጨርሶለት ነበር። አንዱ የጄኔሬተር መብራት ነው ብሎታል። ሌላው የአየር ግፊት ነው ብሎ የከፍታውን ልዩነት እስከ ማስላት ደርሷል። ሦስተኛው «ዓይን ነው» አለው። እሱን ለጊዜው ወደ ጎን አደረግነው።

«ጋሼ፣ ላብድ ነው» አለኝ። «እዚህ ስጫወተው እንከን የለውም። እዚያ ድንኳን ውስጥ ግን ሰው ፊት ያዋርደኛል።»

«አብሽር፤ መጀመሪያ እንስማው።»

መሣሪያው ሞዱላር ሲንተሳይዘር ነው። በየሠርጉ የምናየው ኪቦርድ ሁሉንም ሥራ በአንድ ሆዱ ይይዛል። ሞዱላር ግን ሥራውን ይከፋፍለዋል። ድምፅ የሚፈጥረው ክፍል (ኦሲሌተር ይባላል) ለብቻው ነው፣ የሚያጣራው ለብቻው፣ ጉልበቱን የሚቆጣጠረው ለብቻው። ከዚያ በአጫጭር ገመዶች ይያያዛሉ። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ሮበርት ሙግ እና ዶን ቡክላ በየፊናቸው አመጡት። የሙግ ሕግ እስከ ዛሬ ይሠራል፦ አንድ ቮልት ሲጨመር ድምፁ አንድ ኦክታቭ፣ ማለትም እስከ ቀጣዩ ተመሳሳይ ኖታ ድረስ፣ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ጀርመናዊው ዲተር ዶፕፈር ይህንኑ አሳንሶ ዩሮራክ የተባለውን ሥርዓት ጀመረ። ዛሬ በብዛት የሚሠራው በዚያ ልክ ነው። የልጁም ሳጥን ዩሮራክ ነው። ሁለት ኦሲሌተር፣ አንድ ማጣሪያ፣ አንድ ማጉያ፣ እና የኪቦርዱን ትእዛዝ ወደ ቮልት የሚቀይር ትንሽ ሞዱል አለው።

የተሠራ ኦሲሌተር የመግዛት አቅም አልነበረውም። ስለዚህ ባዶ ቦርድ በዘመድ ሻንጣ ከውጭ አስመጣ። ዕቃውን ከመርካቶ፣ ከአሮጌ ቴፖችና ከሞቱ ቴሌቪዥኖች ለቃቅሞ ራሱ በየደው። ሥራው ንጹሕ ነው። እውነቱን ለመናገር ከእኔ ብየዳ ይሻላል።

ማሲንቆ ተጫዋቹ ያሉት

ከባንዱ ጋር አንዳንዴ የሚጫወቱ ሸምገል ያሉ ማሲንቆ ተጫዋች አሉ። ኤሌክትሮኒክስ ጉዳያቸው አይደለም። ግን ልጁን ከመድረክ ሲወርድ ይዘው «ልጄ፣ ታች ስትሆን አብረን ነን። ላይ ስትወጣ ትወድቃለህ» ብለውታል። ልጁ ይህን የነገረኝ እንደ ስድብ ቆጥሮት፣ እያጉረመረመ ነው። እኔ ግን ከሰማሁት ሁሉ የጠቀመኝ ይሄ ነው።

ምክንያቱም የኦሲሌተር ስህተት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሁሉም ኖታ እኩል የሚወርድበት ወይም የሚወጣበት ነው። እሱ አያስቸግርም። የፊት ሰሌዳው ላይ ያለችውን የመቃኛ ማዞሪያ ትንሽ ነካ ካደረጉ ያልፋል። ሁለተኛው ኦክታቩ ራሱ የሚጠብበት ወይም የሚሰፋበት ነው። ታችኛውን ሲያስተካክሉ ላይኛው ይሄዳል። ላይኛውን ሲይዙ ታችኛው ያመልጣል። ልጁ ድንኳን ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ማዞሪያዋን ሲያሽከረክር የነበረው ለዚህ ነው። ማዞሪያዋ ይሄን የማዳን አቅም የላትም።

ሰውየው የገለጹት ሁለተኛውን ነው። የቀረው ኦክታቩን ምን እንዳጠበበው ማግኘት ነበር።

እዚህ ላይ የአናሎግ ኦሲሌተር አሠራር በአጭሩ መነገር አለበት። ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም አንድ ካፓሲተር አለ። ከረንት ይገባበታል፣ ቮልቱ ቀስ እያለ ይወጣል። የተወሰነ ልክ ላይ ሲደርስ አንድ ማብሪያ በቅጽበት ባዶ ያደርገዋል። እንደገና ይጀምራል። ይህ መውጣትና መውደቅ በሰከንድ 440 ጊዜ ከተደጋገመ የምንሰማው ላ ነው። ከረንቱ እጥፍ ከሆነ ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል፣ ድምፁም አንድ ኦክታቭ ይወጣል። ታዲያ አንድ ቮልት በተጨመረ ቁጥር ከረንቱን እጥፍ የሚያደርግ ነገር ያስፈልጋል። ይህን ሥራ የሚሠራው ትራንዚስተር ነው። በተፈጥሮው ቤዙ (የመቆጣጠሪያ እግሩ) ላይ ወደ 18 ሚሊቮልት ሲጨመርለት ከረንቱ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ከኪቦርዱ የሚመጣው 1 ቮልት በሬዚስተሮች ተከፋፍሎ ወደ 18 ሚሊቮልት ይወርድና ለትራንዚስተሩ ይሰጣል።

ነገሩ ሁሉ ያለው «ወደ 18» የሚለው ላይ ነው። ይህ ቁጥር ከሙቀት ጋር ይንቀሳቀሳል። በ18 ዲግሪ 17.4 ሚሊቮልት ነው። በ28 ዲግሪ 18 ይሆናል። የቦርዱ ሬዚስተሮች ግን ይህን አያውቁም። የሚሰጡት ያው ደሴ ላይ የተለካውን 17.4 ነው።

የተጠረጠሩት

ጄኔሬተሩን በቀላሉ ነፃ አወጣሁት። የጎረቤት ጄኔሬተር ላይ ሰክተን መሣሪያው የሚሠራበትን ፕላስ 12 እና ማይነስ 12 ቮልት ለካሁ፤ ንቅንቅ የለም። ኪቦርዱን ወደ ቮልት የሚቀይረው ሞዱልም ደህና ነው። በብርዱም በሙቀቱም 1.000፣ 2.000፣ 3.001 ይላል። ለአየር ግፊት ካፓሲተርም ትራንዚስተርም ደንታ የላቸውም። ካፓሲተሩ ከሙቀት ጋር ዋጋው የሚዋዥቅ ርካሽ ሴራሚክ ቢሆን ኖሮ እንኳ ጥፋቱ ሁሉንም ኖታ እኩል መሳብ ነው፤ ኦክታቭ አያጠብም። ለነገሩ ልጁ ደህናውን ዓይነት ነው የገጠመው።

ከዚያ ክዳኑን ከፍቼ ቦርዱ ላይ እፍ አልኩበት።

ድምፁ ወዲያው ተንሸራተተ። ትንሽ አይደለም፤ ከግማሽ ድምፅ በላይ ሄዶ ቀስ እያለ ተመለሰ። ልጁ ዓይኑ ፈጠጠ። ይህ ግን ማሲንቆ ተጫዋቹ የነገሩን በሽታ አልነበረም። ሁሉም ኖታ አብሮ ነው የሄደው። መሣሪያው ሁለት በሽታ ነበረበት ማለት ነው፤ ትልቁን ለማየት ደግሞ መጀመሪያ ይህኛውን ማስወገድ ያስፈልጋል።

ምክንያቱ ወዲያው ታየ። ከረንቱን እጥፍ የሚያደርገው ትራንዚስተር ብቻውን አይሠራም። መንትያ አለው። ሙቀት ሲለወጥ የአንዱ ቮልት በዲግሪ 2 ሚሊቮልት ያህል ይወርዳል፤ የሌላውም እኩል ስለሚወርድ ይጣፋሉ። ይህ የሚሆነው ግን ሁለቱ እኩል ሲሞቁ ነው። የልጁ ቦርድ ላይ ሁለቱ ተራርቀው ቆመዋል። አንደኛው ደግሞ ቮልቱን የሚያረጋጋውንና ሁልጊዜ የሚግለውን ሬጉሌተር ተጠግቷል። በመካከላቸው የ1 ዲግሪ ልዩነት ከመጣ 2 ሚሊቮልት ነው። 18 ሚሊቮልት አንድ ኦክታቭ ከሆነ 2 ሚሊቮልት ከ130 ሴንት ያልፋል። ሴንት የድምፅ ርቀት መለኪያ ነው፤ ኦክታቭ 1200፣ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ነው። ድንኳኑ ውስጥ ቬንቲሌተር በዞረ ቁጥር ቅኝቱ ይዞር ነበር ማለት ነው።

መንትያ መምረጥ ትዕግሥት ይጠይቃል። ከአንድ ዓይነት የተገዙ ትራንዚስተሮችን ሰሌዳ ላይ ደርድሬ በቴስተሩ የዳዮድ መለኪያ አንድ በአንድ ለካኋቸው። በጣት መንካት ክልክል ነው። የጣት ሙቀት ንባቡን ብዙ ሚሊቮልት ያወርደዋል፣ እስኪመለስ ደግሞ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። በፒንሳ አንስቶ፣ ሰክቶ፣ ንባቡ እስኪቆም መጠበቅ። ልጁ ችኩል ነው። ሁለት ሦስቴ በጣቱ ነክቶ «ይሄኛው ተበላሽቷል» አለኝ። በመጨረሻ እስከ 1 ሚሊቮልት የሚገጥሙ ሁለት አገኘን። ጠፍጣፋ ፊታቸውን አጋጥሜ፣ መሐላቸው ሙቀት የሚያስተላልፈውን የኮምፒውተር ፔስት ቀብቼ፣ በመዳብ ሽቦ ጠምጥሜ አሰርኳቸው። ከሬጉሌተሩም አራቅኳቸው። እፍ ብንልበት ብዙም አይንቀሳቀስም።

ካርቶኑ

አሁን ዋናው በሽታ ለብቻው ቀረ። ኮምቦልቻን ደሴ ላይ መሥራት ነበረብን። አንድ ካርቶን ውስጥ አሮጌውን ባለ ክር አምፖል አበራን፤ የጫጩት ማሳደጊያ የመሰለ ነገር። የቴስተሩን የሙቀት ሽቦ ትራንዚስተሮቹ ላይ አስጠጋሁ። ሳጥኑን ከነሥራው አስገብተን 28 ዲግሪ ላይ እስኪረጋ ተውነው።

ለምን 28 ዲግሪ? ኮምቦልቻ ከደሴ በ600 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች። አየር በየ1000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ስለሚለያይ መንገዱ ብቻውን የሚያመጣው 4 ዲግሪ ያህል ነው። የቀረውን የቀትር ፀሐይ፣ የድንኳኑ ሸራ፣ የመድረክ መብራትና የሳጥኑ የራሱ ሙቀት ይሞሉታል። ጦሳ ተራራ ሥር ያለችው የእኔ ቤት ጠዋት ላይ 18 ዲግሪ ነች፣ ያውም ፀሐይ ከገባ።

ካርቶኑ ውስጥ ከማስገባታችን በፊት፣ በ18 ዲግሪ፣ ታችኛውን ላ 110 ኸርዝ ላይ አድርገን ስኬሉን (የኦክታቩን ስፋት) በካቻቢቴ አስተካክለን ነበር። 110፣ 220፣ 440፣ 880። ምንም አይወጣለትም። 28 ዲግሪ ሲደርስ ታችኛውን እንደገና 110 ላይ መለስነውና ወደ ላይ ወጣን። 215። 420። 821።

821 ኸርዝ ላ አይደለም። ከላ በታች ያለውን ግማሽ ድምፅ እንኳ አልፎ ወርዷል። 120 ሴንት ጎድሏል። ከኦክታቭ ወደ ኦክታቭ ሲቆጠር ጉድለቱ 40 ሴንት ነው፣ እኩል እኩል። 17.4ን ለ18 ቢያካፍሉት ይሄው ነው የሚወጣው። ወረቀት ላይ የሠራሁትን ሒሳብና ቴስተሩ ያሳየውን ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ልጁ ዝም አለ። ቀጥሎ «ሽማግሌው ልክ ነበሩ ማለት ነው?» አለ። ልክ ነበሩ።

ብቻውን ሲለማመድ ያልሰማውም ለዚህ ነው። እሱ አምባሰል ይወዳል። አምባሰል ከመነሻው ግማሽ ድምፅ ርቃ የምትገኝ ኖታ አለችው። 100 ሴንት የነበረችው ርቀት 97 ብትሆን የማንም ጆሮ አይቆጥራትም። አምስተኛው ላይ 23 ሴንት ይጎድላል፤ እዚያ የሠለጠነ ጆሮ ይነቃል። ኦክታቭ ሲዘሉ ግን ማንም ይሰማዋል። ቤቱ ውስጥ በጠባብ ቦታ ያንጎራጉራል። ሠርግ ላይ ደግሞ አንዱን ኦሲሌተር ቤዝ አድርጎ ታች፣ ሌላውን ዜማ አድርጎ ሦስት ኦክታቭ ላይ ያስቀምጣል። በማሲንቆ ላይ ድምፅ መሳብና ማንሸራተት የሙያው ጣዕም ነው፤ ተጫዋቹ ሲፈልግ ያደርገዋል። ይሄ ግን ሙቀቱ ሲፈልግ የሚያደርገው ነው። «አናሎግ ሕይወት አለው» እያሉ ይህንን የሚያሞግሱ አሉ። አልስማማም።

ልክ የሚመስለው ሬዚስተር

መድኃኒቱ ከጥንት የታወቀ ነው። ቮልቱን ከሚያካፍሉት ሬዚስተሮች የታችኛው ከሙቀት ጋር በዲግሪ 0.33 በመቶ የሚያድግ ከሆነ ትራንዚስተሩ የሚፈልገውን ያህል ይጨምርለታል። ይህ ልዩ ሬዚስተር ቴምፕኮ ይባላል። የቦርዱ ንድፍ ላይ አለ፦ «1 ኪሎ ኦም፣ 3300»። 3300 ማለት በዲግሪ በሚሊዮን 3300 ማለት ነው። ልጁ 1 ኪሎ ኦሟን አየና ተራ 1 ኪሎ ኦም ገጠመ። መርካቶ ቴምፕኮ ብሎ ቢጠይቅ ማን ይሰጠዋል? ቴስተር ሲደረግ ደግሞ ልክ 1 ኪሎ ኦም ይላል። ሲታይ ደህና፣ ሲለካ ደህና። ሲሞቅ ብቻ ነው ጉዱ የሚወጣው።

ቴምፕኮውን ከውጭ አዘዝን፤ እስኪመጣ ድረስ ግን ሠርግ አይጠብቅም። ጥር ደርሷል፤ ልጁ ቀን ተቀብሏል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ባለው ነገር መሥራት ነበረብን። መዳብ በዲግሪ 0.39 በመቶ ያድጋል። ትንሽ ተራ ሬዚስተር ቢቀላቀልበት ወደ 0.33 ይወርዳል። ችግሩ 1 ኪሎ ኦም የሚያህል የመዳብ ሽቦ በጣም ቀጭንና በጣም ረጅም መሆኑ ነው። እንደዚያ የተጠመጠመ ሽቦ የት አለ? ሪሌ ውስጥ፤ በኤሌክትሪክ የሚሳብ ማብሪያ ነው። ሪሌ የት አለ? በየቤቱ በሞተ ስታብላይዘር ውስጥ። የእኔ ቤት ጥግ በስታብላይዘር ሬሳ የተሞላ ነው።

የ12 ቮልት ሪሌዎች ነቅዬ ጥቅልላቸውን ለካሁ፤ እያንዳንዳቸው ወደ 400 ኦም። ሁለቱን በተከታታይ ማሰር 800 ይሰጣል። 150 ኦም ተራ ሬዚስተር ጨመርኩ፤ ጠቅላላው 950። መዳቡ በዲግሪ 3.12 ኦም ያድጋል። 3.12 ለ950 ሲካፈል 0.328 በመቶ ነው። ከዚህ በላይ አልጠየቅሁም። ከ1 ኪሎ ኦም የጎደለችውን 50 ኦም ስኬል ማስተካከያዋ ትሸፍናለች።

ሪሌዎቹን ከፕላስቲክ ቤታቸው አውጥቼ ትራንዚስተሮቹ ጎን አስቀመጥኳቸው፤ አንድ ዓይነት ሙቀት ካልተጋሩ ዋጋ የለውም። ለኮስነው። ቅኝቱ ጥሩ፣ ድምፁ ግን ሻካራ። ጥቅልል ጥቅልል ነው፤ የትራንስፎርመሩን የ50 ኸርዝ ሞገድ ይሰበስባል። 18 ሚሊቮልት አንድ ኦክታቭ በሆነበት ቦታ የአንድ ሚሊቮልት አንድ አሥረኛ እንኳ 7 ሴንት ያንቀጠቅጣል። የአንዱን ሪሌ ሁለት ጫፎች ገልብጬ አሰርኩ። አንዱ የሰበሰበውን ሌላው በተቃራኒው ይሰበስባል፣ ይጣፋሉ። የኤሌክትሪክ ጊታር ሠሪዎች ይህንን ዘዴ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ይጠቀሙበታል። ትራንስፎርመሩንም ወደ ሳጥኑ ሌላ ጫፍ አዛወርነው። ሻካራው ጠፋ።

ወደ ካርቶኑ ተመለስን። 28 ዲግሪ፦ 110፣ 220፣ 439፣ 878። ሦስት ኦክታቭ ላይ የቀረው ጉድለት 4 ሴንት ገደማ። ኮምቦልቻ ሄዶ ሲጫወት ማሲንቆ ተጫዋቹ ምንም አላሉትም። እሳቸው ምንም ካላሉ ጥሩ ነው ማለት ነው።

የቀሩ ነገሮች

ሪሌ ቴምፕኮን ሙሉ በሙሉ አይተካም። ጥቅልሉ ከነብረቱ ወፍራም ስለሆነ ቀስ ብሎ ነው የሚሞቀው። ሳጥኑ ከተለኮሰ በኋላ ትራንዚስተሮቹ ቀድመው ይሞቃሉ፣ ሪሌዎቹ ወደ ኋላ ይቀራሉ። ስለዚህ ልጁ ድምፅ ማጉያውን ከማዘጋጀቱ በፊት ሲንተሳይዘሩን አብርቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ይተወዋል። ቦታም ይይዛል። ከሰሌዳው ጀርባ አራት ሪሌ የሚችል ስፍራ ስላልነበረ ሁለተኛው ኦሲሌተር እስከ ቴምፕኮ መምጣት ድረስ ሥራ ፈቶ ቆየ።

ከባዶ ለሚጀምር ሰው ግን ይህን ሁሉ መንገድ አልመክርም። ሲኢኤም3340 የሚባል ቺፕ አለ፤ የዳግ ኩርቲስ ሥራ ነው። የሙቀት ማካካሻው ቺፑ ውስጥ ነው። ፕሮፌት 5 የተባለው ታዋቂ ሲንተሳይዘር የመጀመሪያዎቹ ምርቶቹ በሌላ ቺፕ ተሠርተው በቅኝት ጠባያቸው ይታሙ ነበር፤ በ1980 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ሦስተኛው ዝርያ ወደ ኩርቲስ ቺፖች ተዛወረ። ዛሬ ላትቪያ፣ ሪጋ ያለው አልፋ ፋብሪካ ኤኤስ3340 ብሎ ተመሳሳዩን ያመርታል። ትንሽ ናት፣ ፖስታ ውስጥ ትገባለች። የትራንዚስተር መንትያ ፍለጋ፣ የጣት ክልከላ፣ የሪሌ ሬሳ፣ ሁሉም ይቀራል።

ቴምፕኮዎቹ በመጨረሻ በዚያው ዘመድ ሻንጣ መጡ፤ ሁለት ናቸው። አንዱን ሁለተኛው ኦሲሌተር ላይ ገጠምኩ። አሁን ሳጥኑ ውስጥ አንዱ በሪሌ፣ አንዱ በቴምፕኮ ይሠራል። ሲለኮሱ ቴምፕኮው ቶሎ ይረጋል፣ ሪሌው ይዘገያል። በመካከሉ ሁለቱ አንድ ኖታ ላይ ሲያዙ ቀስ ብለው ይማታሉ፣ ድምፁ ይወዛወዛል። እኔ ሪሌዎቹን ነቅዬ ሁለቱን እኩል ላደርጋቸው ተዘጋጅቼ ነበር። ልጁ እንቢ አለ። ያችን ውዝዋዜ ወዷታል፤ ሰርገኛው ገብቶ እስኪቀመጥ ድረስ ሆን ብሎ ይጫወትባታል።

«ይቅርብህ፣ አሠራሩ ልክ አይደለም» አልኩት።

«ጋሼ፣ ልክ ባይሆንም ያምራል።»

መሣሪያው የሱ ነው። የተረፈው ቴምፕኮ መሳቢያዬ ውስጥ ነው፤ ተመሳሳይ ቦርድ በይዶ የቸገረው የደሴ ወይም የኮምቦልቻ ሰው ካለ ይምጣ፣ ልጁም ፈቅዷል።